የሺህ ቤት ባትሪ ማንን ይስማ?

49.61 የሚል ቁጥር አንድ ሪፖርት ላይ ካየሁ ወዲህ ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 9 ቀን 2019 አውስትራሊያ ውስጥ፣ ኩዊንስላንድ ያለው የኮጋን ክሪክ የድንጋይ ከሰል ማመንጫ 748 ሜጋ ዋት እየሰጠ ሳለ በድንገት ከመስመር ወጣ። የኤሌክትሪክ መረቡ ፍሪኩዌንሲ (ከረንቱ በሰከንድ የሚመላለስበት ብዛት፤ ምርት ከፍጆታ ሲያንስ ይወርዳል) ከ50 ሄርዝ ተነስቶ 49.61 ድረስ ወረደ። ጤነኛ የሚባለው ክልል ከ49.85 እስከ 50.15 ስለሆነ ይህ እንደ ዋዛ የሚታይ መውረድ አይደለም። በዚያው ቅጽበት ከማመንጫው እጅግ ርቀው፣ ደቡብ አውስትራሊያ ውስጥ በየቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀሉ ባትሪዎች መውረዱን አይተው ኃይል ወደ መስመሩ ለቀቁ።

የለቀቁት ኃይል ከጎደለው ጋር ሲተያይ ጥቂት ነው። እኔን የያዘኝ ግን መጠኑ ሳይሆን ትእዛዙ ነው። ማን አዘዛቸው? በዚያች ሰከንድ ማንም አላዘዛቸውም። እያንዳንዱ ኢንቨርተር፣ ማለትም የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት ኤሌክትሪክ የሚቀይረው መሣሪያ፣ የራሱን ገመድ እየለካ፣ ቀድሞ በተሞላለት መመሪያ መሠረት በራሱ ወሰነ። ትእዛዙ ከአንድ ማዕከል ተነስቶ በኢንተርኔት እስኪደርስ ቢጠበቅ ኖሮ ባትሪዎቹ የሚደርሱት ሌላው ሁሉ ከረዳ በኋላ ነበር።

ይህ ያስጨነቀኝ በቤት ባትሪዎች ምናባዊ የኃይል ማመንጫ (ብዙ ባትሪዎችን አስተባብሮ እንደ አንድ ማመንጫ የሚያሠራ ሥርዓት) ልገንባ የሚል ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚስለው ሥዕል ተቃራኒው ስለሆነ ነው። ሥዕሉ ላይ መሃል አንድ ሰርቨር አለ፤ ከእሱ ወደ ሺህ ቤት ሺህ ቀስት ይወጣል። ገንዘብ ለሚያወጣ ባለሀብት ለማስረዳት ምቹ ነው። ከሥዕሉ ተነስቶ ሥራውን የጀመረ ኩባንያ ግን ጊዜውንም ገንዘቡንም ቀስቶቹን ሲጠግን ይጨርሳል። እኔ የማምነው ዋናው የንድፍ ጥያቄ ይህ እንደሆነ ነው፦ የትኛው ውሳኔ ቤት ውስጥ ይቅር፣ የትኛውስ ወደ ማዕከል ይምጣ? ውሉም፣ ሂሳቡም፣ የገጠማው ጥራትም ከዚህ ጥያቄ ነው የሚመዘዙት።

ሰከንዱ የኢንቨርተሩ ነው

አውስትራሊያ ውስጥ ለድንገተኛ የፍሪኩዌንሲ መውረድ የሚከፈለው ክፍያ በፍጥነት የተከፋፈለ ነው፤ በ6 ሰከንድ፣ በ60 ሰከንድ እና በ5 ደቂቃ ውስጥ ለሚደርስ ኃይል የየራሱ ገበያ አለው። እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2023 ጀምሮ የ1 ሰከንድ ገበያ ተጨምሯል። አሁን የትእዛዙን መንገድ እንከተል። ከእናንተ ሰርቨር ወደ ባትሪ አምራቹ ሰርቨር ይሄዳል፤ ከዚያ ወደ ቤቱ ራውተር፣ ከራውተሩ ወደ ጌትዌዩ (ቤቱ ውስጥ ትእዛዝ የሚቀበለው ትንሽ ኮምፒውተር)፣ ከጌትዌዩ በሞድባስ (መሣሪያዎች በሚነጋገሩበት ቋንቋ) ወደ ኢንቨርተሩ። ጌትዌዩ አዲስ ትእዛዝ መኖሩን የሚጠይቀው በየ30 ሰከንዱ ከሆነ የ6 ሰከንዱ ገበያ ገና ከጅምሩ ዝግ ነው።

ስለዚህ ለዚህ ሥራ ወደ ቤቱ የሚላከው ትእዛዝ ሳይሆን ደንብ ነው። ለምሳሌ 5 ኪሎ ዋት ያለው ኢንቨርተር ከ49.85 በታች መስጠት እንዲጀምር፣ 49.50 ሲደርስ ሙሉ ኃይሉን እንዲሰጥ፣ በመሃል ያለውን ደግሞ በተመጣጣኝ እንዲያሰላ ይሞላለታል። በዚህ ደንብ 49.61 ላይ 3.4 ኪሎ ዋት ገደማ ይሰጣል። ኢንተርኔት ቢኖርም ባይኖርም ያንኑ ይሰጣል። የማዕከሉ ድርሻ ደንቡ በትክክል መሞላቱን አስቀድሞ ማረጋገጥ፣ በኋላም የተመዘገበውን ለክፍያ መሰብሰብ ብቻ ይሆናል።

ከሰከንድ ወደ ደቂቃና ሰዓት ስንወጣ ሥራው የጌትዌዩ ነው። የምሽቱ ከፍተኛ ፍጆታ የሚታወቅ ነገር ስለሆነ የነገው መርሐ ግብር ዛሬ ሊላክ ይችላል። እዚህ ላይ አንድ የማይታለፍ ነገር አለ፤ ማንኛውም ትእዛዝ የማብቂያ ሰዓት ሊኖረው ይገባል። «3 ኪሎ ዋት ስጥ» ብሎ ልኮ በኋላ «አቁም» ለማለት ማሰብ አደገኛ ነው፤ በመሃል ኢንተርኔቱ ከጠፋ «አቁም» የሚለው አይደርስም፣ ባትሪውም እስኪነጥፍ ይሰጣል። ትእዛዙ መጀመሪያውን፣ መጨረሻውን፣ የኃይሉን መጠን፣ ባትሪው ከዚያ በታች እንዳይወርድ የሚከለክለውን መጠንና ግንኙነት ሲጠፋ የሚመለስበትን ሁኔታ በአንድነት ይዞ ይሂድ። ኢንቨርተሩም ከጌትዌዩ ለ60 ሰከንድ ድምፅ ካልሰማ ወደ ተራ ሥራው እንዲመለስ ይደረግ።

ጌትዌዩ ከኢንቨርተሩ ጋር በሚነጋገርበት በሞድባስ በኩል ብዙዎች ዘግይተው የሚያገኙት ወጥመድ አለ። በአንዳንድ ኢንቨርተሮች የኃይል መጠን የሚጻፍበት፣ ሬጂስተር የሚባለው የቁጥር ማስቀመጫ በቋሚ ማህደረ ትውስታ ላይ የሚቀመጥ ነው፤ ያ ማህደረ ትውስታ ደግሞ የሚጻፍበት ጊዜ የተወሰነ ነው። ገደቡ 100,000 ጊዜ ነው እንበል። በየ10 ሰከንዱ የሚጽፍ ፕሮግራም በቀን 8,640 ጊዜ ይጽፋል፤ ገደቡን 12 ቀን ሳይሞላ ይጨርሰዋል። ሶፍትዌሩ እንከን የለውም፣ ኢንቨርተሩ ግን ይሞታል። ከመጀመሪያው መስመር ኮድ በፊት ለአምራቹ የሚቀርበው ጥያቄ የትኛው ሬጂስተር ጊዜያዊ፣ የትኛው ቋሚ እንደሆነ ነው። ከዚያም የሚጻፈው ቁጥር ሲለወጥ ብቻ ይጻፍ።

5 ሜጋ ዋቱ የት ገባ?

ሺህ ቤት፣ በየቤቱ 5 ኪሎ ዋት ኢንቨርተርና 10 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ። በወረቀት 5 ሜጋ ዋት ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ለዚህ ንግድ የተተረተ ይመስላል፤ ነገር ግን ሂሳቡ ውስጥ መግባት ያለባቸው በዚያች ሰዓት በእርግጥ ያበሩት ክሮች ብቻ ናቸው።

ምሽት ለ2 ሰዓት ኃይል ስጡ የሚል ጥሪ መጣ እንበል። 60 ቤት ራውተሩ ጠፍቶ ወይም የዋይፋይ ይለፍ ቃሉ ተቀይሮ አይገኝም፤ 940 ቀረ። ቀኑ ደመናማ ስለነበር ባትሪዎቹ በአማካይ የያዙት 60 በመቶ ነው፣ ማለትም 6 ኪሎ ዋት ሰዓት። ከዚያ ላይ 2ቱ ለመብራት መጥፋት የተቀመጠ የቤተሰቡ መጠባበቂያ ስለሆነ አይነካም። 4 ቀረ። ለ2 ሰዓት ሲካፈል 2 ኪሎ ዋት። ለ940 ቤት ሲባዛ 1.88 ሜጋ ዋት። የኢንቨርተሩን ብክነት ገና አልቆጠርንም፤ 5 የነበረው ግን ከ2 በታች ገብቷል።

ገና አላለቀም። በዚያ ምሽት እያንዳንዱ ቤት ራሱ 1.2 ኪሎ ዋት እየተጠቀመ ከሆነ ከባትሪው የወጣው 2 ኪሎ ዋት መጀመሪያ የሚሸፍነው ያንን ነው። ወደ መረቡ የሚወጣው 0.8 ብቻ ነው። ለመረቡ ልዩነት የለውም፤ ቤቱ መውሰዱን ማቆሙም፣ መስጠቱም ያው ጥቅም ነው። ክፍያው የሚሰላው ግን በውሉ ነው። ውሉ የሚቆጥረው ከቆጣሪው ወደ ውጭ የወጣውን ብቻ ከሆነ 1.88 የነበረው 0.75 ሜጋ ዋት ይሆናል። ስለዚህ የመለኪያው ነጥብ ባትሪው ላይ ይሁን ወይስ ቆጣሪው ላይ የሚለው ከዋጋው በፊት መዘጋት ያለበት ጉዳይ ነው።

መነሻ ፍጆታ የሚባለው ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ብዙ ጊዜ ስሌቱ «ጥሪው ባይኖር ቤቱ ስንት ይጠቀም ነበር?» የሚለውን ለመመለስ የቀደሙትን ተመሳሳይ ቀናት፣ ለምሳሌ 10 ቀን፣ አማካይ ይወስዳል። መብራት ለሚያጠፋ ቤት ይሠራል። በየምሽቱ ራሱን በባትሪ ለሚያበራ ቤት ግን መነሻው ቀድሞ ዜሮ አጠገብ ነው፤ በጥሪው ቀንም ያው ዜሮ ነው። ባትሪው በሙሉ አቅሙ ሠርቶ ሂሳቡ ምንም አልሰጠም ይላል። የምትገቡበት ገበያ ባትሪውን በራሱ መለኪያ የማይቆጥር ከሆነ ከባትሪ ይልቅ በመኪና ቻርጅና በውሃ ማሞቂያ መጀመር የተሻለ መንገድ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ምን ያህል ይሸጥ? አማካዩን የሸጠ ሰው ግማሹን ጊዜ ቃሉን ያጥፋል። ከተደጋጋሚ ሙከራዎች ውስጥ 10 ጊዜ ቢጠራ 9 ጊዜ የማይወርድበትን መጠን መሸጥ ይሻላል፤ በዚህ ምሳሌ ምናልባት 1.5 ሜጋ ዋት። ገቢው ያንሳል። ነገር ግን ምናባዊ ማመንጫ የሚሸጠው እምነት ስለሆነ የመረቡ ኦፕሬተር አንዴ ጠርቶት ካጣው ሁለተኛ ሲጠራው በግማሽ ልብ ነው።

አንዲት የመለኪያ ቀለበት

አሁን ወደ ቤቱ ግድግዳ እንቅረብ፤ ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ሥራ እዚያ ያለ ይመስለኛልና። ዋናው ገመድ ላይ የምትገጠም፣ ሲቲ የምትባል የከረንት መለኪያ ቀለበት አለች። ጎኗ ላይ ቀስት ተስሎባታል። ቤቱ ከመረቡ እየወሰደ ይሁን እየሰጠ ኢንቨርተሩ የሚያውቀው በእሷ ነው።

ቀስቷ ተገልብጣ ብትገጠም የሚሆነውን ተመልከቱ። ቤቱ ከመረቡ 2 ኪሎ ዋት ይወስዳል፤ ኢንቨርተሩ ግን 2 ኪሎ ዋት ትርፍ እየወጣ ነው ብሎ ያነባል። ትርፍ ነው ያለውን ባትሪው ውስጥ ለማስገባት 2 ኪሎ ዋት መሙላት ይጀምራል። አሁን ቤቱ የሚወስደው 4 ሆነ። ኢንቨርተሩ ደግሞ ትርፉ ወደ 4 አደገ ብሎ ይጨምራል። እንዲህ እያለ እስከ አቅሙ ጣሪያ ይሄዳል፣ በእኩለ ሌሊት፣ ከመረቡ ገዝቶ። ደንበኛው የሚያውቀው ወሩ አልቆ ሂሳቡ ሲመጣ ነው። ማዕከሉ ላይ ያለው ሰንጠረዥ ደግሞ በየቀኑ ሙሉ የሆነ ጤነኛ ባትሪ ያሳያል።

ባለ ሦስት ፌዝ፣ ማለትም ኃይል በሦስት ገመድ የሚገባበት፣ ቤት ላይ ሌላ ዓይነት ስህተት አለ። ቀለበቷ በአንድ ፌዝ ላይ ሆና ቮልቴጁ ከሌላ ፌዝ ከተወሰደ በሁለቱ መካከል 120 ዲግሪ ልዩነት ይገባል። የ120 ዲግሪ ኮሳይን ደግሞ ከዜሮ በታች 0.5 ነው። 2 ኪሎ ዋት የሚወስድ ማሞቂያ 1 ኪሎ ዋት እየሰጠ ያለ መስሎ ይነበባል። ቁጥሩ የሚታመን ስለሚመስል ይሄኛው ከተገለበጠችው ይልቅ ለመያዝ አስቸጋሪ ነው።

መፍትሔው ጥቂት ደቂቃ የሚፈጅ ፈተና ነው። ሶላሩና ባትሪው ይጥፉ። መጠኑ የታወቀ፣ 2 ኪሎ ዋት የሆነ ማሞቂያ በመጀመሪያው ፌዝ ላይ ይብራ። ንባቡ በ2 ካልጨመረ ስህተት አለ፤ በ2 ከቀነሰ ቀለበቷ ተገልብጣለች፤ በ1 ከቀነሰ ፌዙ ተቀያይሯል። ከዚያ በሁለተኛውና በሦስተኛው ፌዝ ይደገም። ገጣሚው ሦስቱንም ንባቦች በስልኩ ፎቶ አንስቶ ካልላከ ቤቱ ወደ ሥርዓቱ አይግባ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ ያው ስህተት ከስድስት ወር በኋላ የሚገኘው ባለሙያ መኪና አስነስቶ ሲሄድ፣ ደንበኛው ከተቆጣ፣ የተላከው የሂሳብ መረጃም ከተበላሸ በኋላ ነው።

አብሮ መንቃት

ባትሪዎች አብረው ሲታዘዙ ጥሩ፣ በአንድ ሰከንድ ሲንቀሳቀሱ ግን መጥፎ የሚሆኑበት ቦታ አለ። አንድ 100 ኪሎ ቮልት አምፒር ትራንስፎርመር ስር 30 ቤት ቢኖርና ሁሉም 5 ኪሎ ዋት ቢለቁ 150 ኪሎ ዋት ወደ ኋላ ይገፋል። ከዚያ በፊት ግን የሚሰማው ቮልቴጁ ነው። 230 ቮልት ባለው መረብ 10 በመቶ ሲጨመር 253 ይሆናል፤ ወደዚያ ሲጠጋ ኢንቨርተሮቹ ራሳቸውን ለመጠበቅ ኃይል ይቀንሳሉ ወይም ይጠፋሉ። መጀመሪያ የሚጠፉት ከትራንስፎርመሩ የራቁት፣ በገመዱ ጫፍ ያሉት ቤቶች ናቸው። ማዕከሉ ላይ ይህ «ያልታዘዘ ባትሪ» ሆኖ ይታያል። ባትሪው ግን ጥፋት የለበትም፤ ገመዱ ጠቦታል። ስለዚህ እያንዳንዱ ቤት ከየትኛው ትራንስፎርመር እንደሚያገኝ መመዝገብ፣ በትራንስፎርመር ጣሪያ ማበጀት፣ የቮልቴጁንም ንባብ ከኃይሉ ጋር አብሮ መሰብሰብ ያስፈልጋል።

እንግሊዝ ለመኪና ቻርጀር ያወጣችው ደንብ በዚህ ረገድ ብልህ ነው። እ.ኤ.አ. ከጁን 2022 ጀምሮ የሚሸጡ የቤት ቻርጀሮች ሥራ ሲጀምሩ እስከ 10 ደቂቃ የሚደርስ፣ ለእያንዳንዱ የተለያየ፣ በዘፈቀደ የሚመረጥ መዘግየት እንዲኖራቸው ያዛል። ኤሌክትሪክ ርካሽ የሚሆንበት ሰዓት በገባበት ቅጽበት መቶ ሺህ መኪና አብሮ እንዳይነቃ ነው። ለባትሪም ያው ይሠራል፤ የፍሪኩዌንሲው ሥራ ብቻ ከዚህ ውጭ መሆን አለበት። መጨረሻውም እንደ መጀመሪያው ይበተን። ሁሉም ባትሪ መጠባበቂያው ላይ በአንድ ጊዜ ደርሶ ቢያቆም ኦፕሬተሩ የሚያየው እንደ ኮጋን ክሪክ ያለ ሌላ መውደቅ ነው፣ መጠኑ ያንስ እንጂ።

የውሃ ማሞቂያ ከሆነ የሚያስጨንቀው ከጥሪው በኋላ ያለው ሰዓት ነው። 200 ሊትር ውሃን በ30 ዲግሪ ለማሞቅ 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ለ2 ሰዓት የጠፉ ሺህ ማሞቂያዎች አብረው ሲነቁ፣ እያንዳንዱ 2.5 ኪሎ ዋት ቢወስድ፣ ያዳንነውን ጫና ወዲያው 2.5 ሜጋ ዋት አድርገን እንመልሰዋለን። በቡድን በቡድን መመለስ አለባቸው። ውሃው ደግሞ ሌጂዮኔላ የሚባለው ባክቴሪያ እንዳይራባበት 60 ዲግሪ የሚደርስበት ሰዓት ሊጠበቅለት ይገባል፤ ይህ ለገበያ ተብሎ የሚደራደሩበት ነገር አይደለም።

የቤቱ ባለቤት

ባትሪው የኩባንያው አይደለም። በሰው ቤት ያለ፣ ሰው ለጨለማ ቀን ብሎ የገዛው ዕቃ ነው። አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ይባላል፤ አደራነቱ በኮዱ ውስጥ ካልታየ ግን በውሉ ላይ መጻፉ ብቻ አይበቃም። ቤተሰቡ 30 በመቶ ይቀመጥልኝ ካለ ያ ቁጥር የሚቀመጠው ማዕከሉ ሳይሆን ጌትዌዩ ላይ ነው፤ ማዕከሉ ቢሳሳትም፣ ቢጠለፍም፣ ጌትዌዩ እምቢ እንዲል። ማዕበል ሲተነበይ ባትሪው ሞልቶ ይጠብቅ እንጂ አይሽጥ። «ዛሬ አይመቸኝም» የምትለው ቁልፍም የመተግበሪያው የመጀመሪያ ገጽ ላይ ትሁን። ሰው መውጫውን ሲያይ ነው ተረጋግቶ የሚቆየው።

ክፍያው ቤተሰቡ በራሱ ሊያሰላው የሚችል ቢሆን ደስ ይለኛል። ካሊፎርኒያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2022 በተጀመረው የቴስላ ፓወርዎል (የቤት ባትሪ) ፕሮግራም ለአስቸኳይ ጊዜ ለተሰጠ እያንዳንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት የሚከፈለው 2 ዶላር ነበር። 4 ኪሎ ዋት ሰዓት የሰጠ ቤት 8 ዶላር። ይህን ማንም ይረዳዋል።

ስለ ባትሪው ዋስትናም ሳይደበቅ መነገር አለበት። የፓወርዎል 2 ዋስትና ለ10 ዓመት ነው፤ ለራስ ሶላርና ለመጠባበቂያ ሲውል የዙር (ሞልቶ የመራገፍ) ገደብ የለውም። ለሌላ ጥቅም ሲውል ግን 37.8 ሜጋ ዋት ሰዓት ጠቅላላ ገደብ ተቀምጦለታል። 13.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ለሚይዝ ባትሪ ይህ 2,800 ሙሉ ዙር ነው፤ በቀን አንድ ዙር ቢሠራ 8 ዓመት አይሞላም። ስለዚህ ዋጋ ትንሽ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ባትሪውን ማሠራት የደንበኛውን ንብረት መብላት ነው። ከእያንዳንዱ ጥሪ በፊት ገቢው ከሚያልቀው ዕድሜ ዋጋ መብለጡ ይሰላ፤ ካልበለጠ ባትሪው ይረፍ።

በስንት ቤት ይጀመር?

በየቤቱ 1.88 ኪሎ ዋት የሚለውን ከላይ ያገኘነውን ሂሳብ ከያዝን የገበያው መግቢያ መጠን ምን ያህል ወሳኝ እንደሆነ ይታያል። አውስትራሊያ ውስጥ ለፍሪኩዌንሲ ገበያ ትንሹ መጠን 1 ሜጋ ዋት ነው፤ በምሽቱ ሂሳብ 530 ያህል ቤት ማለት ነው። አሜሪካ ውስጥ የፌዴራሉ የኃይል ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው 2222 ቁጥር ትእዛዝ ደግሞ ለተሰባሰቡ ትናንሽ ምንጮች የሚጠየቀው ትንሹ መጠን ከ100 ኪሎ ዋት እንዳይበልጥ ይላል፤ 54 ቤት ይበቃል። ወደ ጅምላው ገበያ ከመግባት ይልቅ ለአካባቢው አከፋፋይ መሥራትም አለ። ቨርሞንት ውስጥ ግሪን ማውንቴን ፓወር የደንበኞቹን ባትሪዎች በከፍተኛ ፍጆታ ሰዓት እየተጠቀመ ወጪውን ይቀንሳል። ለጀማሪ ኩባንያ የመጨረሻው መንገድ የሚሻል ይመስለኛል፤ ገዢው አንድ ነው፣ ውሉ አንድ ነው፣ ትራንስፎርመሮቹንም የሚያውቀው እሱ ነው።

የመጀመሪያዎቹ 50 ቤቶች አንድ ዓይነት ኢንቨርተር፣ ቢቻልም አንድ ዓይነት ሞዴል ይኑራቸው። አምስት አምራች መደገፍ ለማስታወቂያ ያምራል፤ አምስት የተለያየ የሬጂስተር ዝርዝር፣ አምስት የተለያየ ስህተት ማለት ግን ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ለሦስት ወር ምንም ሳይሸጥ በሳምንት ሁለቴ ይጠራ፤ በእያንዳንዱ ጥሪ የታዘዘው፣ የደረሰው፣ የዘገየበት ሰከንድ፣ የባትሪው መጠንና ቮልቴጁ በየቤቱ ይመዝገብ። የሚሸጠው መጠን የሚወጣው ከዚህ መዝገብ ነው። ከፕሮግራመሮቹ ጋር እኩል ድምፅ ያለው አንድ ገጣሚ ኤሌክትሪሺያን ከመጀመሪያው ቀን ቢሮ ውስጥ ቢኖር፣ ከላይ ካነሳሁት ውስጥ ግማሹ ሳይፈጠር ይቀራል።

የፈርምዌር (ኢንቨርተሩ ውስጥ ያለው ሶፍትዌር) ማሻሻያ ሁልጊዜ ለ5 ቤት ብቻ ይላክ፤ ሁለት ጥሪ በትክክል ካለፉ በኋላ ለ50፣ ከዚያ ለቀሪው። አምራቹ በራሱ ሰዓት ሳያሳውቅ የሚልክ ከሆነ ከውሉ በፊት በጽሑፍ የሚጠየቀው ይህ ነው፦ ማሻሻያ ከጥሪ ቀን በፊት ባሉት 7 ቀናት አይላክ፤ ከተላከም የፍሪኩዌንሲው ደንብ ቁጥሮች ወደ ፋብሪካ መነሻቸው አለመመለሳቸው በየቤቱ ተነብቦ ይረጋገጥ።